አባታችን የካበው ከሰል

ለውድ ወንድሜ ለኮው ዌይሄንግ፤

እንደምን ከርመሃል? ከደጃችን አቧራ የበዛ፣ ከሰሞኑ ንፋስ ቀድሞ የሚደርስ ሰላምታ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ? ባለቤትህ ሚንሩ ደህና ናት? ትንሹ ልጃችሁ የወለቀው ጥርሱ በቀለለት? እዚያ ቦን ከተማ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ቤታችሁ ይሞቃል? ይህን የመጨረሻውን የጠየቅሁህ ለወግ ያህል ብቻ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ቤታችሁ እንደሚሞቅ አውቃለሁ። ባለፈው በስልክ ስንተያይ አንተ በካናቴራ ብቻ ነበርክ፣ ከኋላህ ያለው መስኮት ግን በረዶ ለብሶ ነበር።

እኔ እህትህ ጉይላን፣ እግሬ ቢያብጥም ቆሜ እሄዳለሁ። ባሌ ዳሹዋንም ከባድ መኪናውን እየነዳ በሳምንት አንድ ቀን ቤት ያድራል። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ዘንድሮ በቤታችን ውሸት በዝቷልና እኔ ደግሞ ሌላ አልጨምርበትም። ደህና አይደለንም። ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም ባንተ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ስደውል «እታለም፣ ድርድር ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትለኛለህ። ስጽፍልህ የተቀሰረ አውራ ጣት ትልክልኛለህ። ሰው አባቱ ቤት ውርጭ ገባ ሲሉት አውራ ጣት ይልካል? ወረቀትን ግን ድርድር ላይ ነኝ አትለውም፤ ገበታህ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። አባባ እንደምጽፍልህ አያውቅም። እነግረዋለሁ ባልኩ ቁጥር «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። እሱ የአገር ቃል ተሸክሟል፤ በምድጃ ወሬ ራሱን አታዙሪበት» እያለ ይከለክለኛል። በሚኒስትሮች ፊት ዌይሄንግ ትባል ይሆናል። ለእኔ ግን ያው ሄይዳን ነህ፣ «ጥቁሩ እንቁላል»፤ በአራት ዓመትህ ከከሰል ቤቱ ውስጥ ዓይንህ ብቻ ቀርቶ ያወጣሁህ። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብ።

በአየር ንብረቱ ጉባኤ ላይ የተናገርከውን መንደሩ በሙሉ አይቶታል። ሊቀመንበራችን ሺንግ በመንደሩ የስልክ ቡድን ላይ ለጥፎት፣ ሰው እየተጠራራ ነው ያየህ። ቃልህን በቃሌ ይዤዋለሁ። «አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ከምድር በታች የድንጋይ ከሰል ቆፍሯል። ዛሬ አባቴና ጎረቤቶቹ የከሰል ምድጃቸውን በገዛ እጃቸው አፍርሰው በንጹሕ ጋዝ ይሞቃሉ። እኛ ገና በማደግ ላይ ያለን አገሮች ድርሻችንን ተወጥተናል። ሁለት መቶ ዓመት ዓለምን ያጨሳችሁት እናንተስ፣ የገባችሁልን ቃል የት ደረሰ?» አልክ። አዳራሹ ተነቃነቀ። የብራዚሎቹ፣ የህንዶቹና የደቡብ አፍሪካዎቹ ተወካዮች ብድግ ብለው አጨበጨቡልህ። አባባ አለቀሰ። እስከ ዛሬም በየቀኑ ጠዋት ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ያየዋል፤ «ተመልከቺ ጉይላን፣ አሁን የህንዱ ሰውዬ ሊነሳ ነው» ይለኛል። በንጹሕ ጋዝ ይሞቃል ያልከው ሰው፣ ትንፋሹ የስልኩን መስተዋት እያደበዘዘበት በእጅጌው እየጠረገ ነው የሚያይህ።

አሁን ያላወቅኸውን ልንገርህ። ለማወቅም አልጠየቅክም።

በዘጠነኛው ወር፣ ንግግርህን ስታዘጋጅ፣ ለአባባ ደውለህለት ነበር። እኔ አጠገቡ ድንች እየላጥኩ ነበርኩ። «አባባ፣ ምድጃው ፈርሷል አይደል? ለንግግሬ ፈልጌው ነው» አልከው። አባባ ወደ ምድጃው ዞር ብሎ አየ። ድስቱ ላዩ ላይ ይፈላል፤ መደቡም ከስሩ ሞቆ እኔ ጫማዬን አውልቄ ተቀምጬበታለሁ። «አዎ ልጄ፣ ፈርሷል» አለህ። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። አፌን ልከፍት ስል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ተቆጣኝ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ «ልጄ በዓለም ፊት ሊቆም ነው፤ አልፈረሰም ብለው ምን ይዞ ይቆማል?» አለኝ። አንተ ጥያቄ የጠየቅህ መስሎህ ነው። አባትህ ግን ትእዛዝ ነው የሰማው።

በማግስቱ ጠዋት መዶሻ ይዞ ተነሳ። ኮቱን ይዤ ጎተትኩት። «ልቀቂኝ፤ ልጄ ሲናገረው ውሸት እንዳይሆን ነው» አለኝ። እናታችን በየዓመቱ እየለሰነች ያቆየችውን ምድጃ በሰባት ስምንት ምት ናደው። ከመደቡ ስር ያለውን የጭስ መንገድ ሳይቀር አፍርሶ፣ ጡቡን በጋሪ እያወጣ ደጅ ደረደረው። ጥላሸቱ ፊቱን አልብሶት፣ ከጉድጓድ የወጣበት ዘመን መስሎኝ ነበር። አንተ በስልክ የሰማኸው ውሸት እንዲህ ሆኖ እውነት ሆነ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ የራሳችን ጉዳይ ነበር። ጎረቤት ግን ጡቡን አየ። የወረዳ ሰዎች ምድጃችሁን አፍርሱ ብለው ሁለት ዓመት ሲለምኑና ሲያስፈራሩ «ጋዙን እንይና» እያለ ሲስቅባቸው የነበረ መንደር፣ የእኛን ጡብ ሲያይ እርስ በርሱ ተንሾካሾከ። «የጋሽ ኮው ልጅ ከላይ ያለውን ያውቃል፤ ጋዙ የማይደርስ ቢሆን እሳቸው ምድጃቸውን አይነኩም ነበር» ተባለ። በአሥር ቀን ውስጥ አርባ ምድጃ ፈረሰ። ሰዉ የቀረ ከሰሉን በከረጢት ተሸክሞ ለመንደሩ ጽሕፈት ቤት አስረከበ። ሺንግ ፎቶ አንስቶ ወደ ላይ ላከ፣ ምስጋናም መጣለት። ከአባባ ብቻ «የተወካዩ አባት ናቸው» ብሎ ከሰሉን ሳይወስድ ቀረ። ቢጫው የጋዝ ቧንቧ ከጸደይ ጀምሮ በየግድግዳችን ላይ ተዘርግቷል፤ ቆጣሪውም ተሰቅሏል። ጋዝ ግን የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። የቆጡን ልናወርድ ብለን የብብታችንን ጣልን።

ከዚያ ብርዱ ገባ። የዘንድሮውን ብርድ አንተ አታውቀውም። ሌሊት ባልዲ ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ጠዋት በመጥረቢያ ይሰበራል። ሰዉ ሁሉ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ሲሰካ መስመሩ አልችል ብሎ መንደሩ በጠቅላላው ይጨልማል፤ ያኔ በየቤቱ የሚሰማው ሳል ብቻ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ቺያዎ፣ እኒያ ልጅ ሳለህ ኪስህን በሱፍ ፍሬ ይሞሉልህ የነበሩት፣ ደብቀው ያስቀሩትን ጥቂት ከሰል በሳፋ አቀጣጥለው፣ በሩን በጨርቅ ጠቅጥቀው ተኙ። ጠዋት በሩን ገንጥለን ስንገባ ጭሱ አፍኗቸው፣ ከንፈራቸው ቀልቶ ወለሉ ላይ ወድቀው አገኘናቸው። ነፍሳቸው ተርፋለች። አእምሯቸው ግን ሙሉውን አልተመለሰም፤ ልጃቸውን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል።

በአባባ ላይ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ቢናገሩት በተሻለው። ሽማግሌዎቹ ከቀትር በፊት በደቡቡ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ የሚሞቁበትን ቦታ ታውቀዋለህ። አባባ በምርኩዙ ቀስ እያለ ሲደርስ አንዱ «እንግዲህ ፀሐዩም አለቀ» ይልና ይነሳል። ሌላውም «ላሟን ልይ» ይላል፤ ላም የለውም። አባባ ብቻውን ትንሽ ይቆምና ሙቀት እንደጠገበ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኛ ቤት ግን አጥሩን መጀመሪያ የነቀነቅከው አንተ ነህ።

የምትለኝን ከወዲሁ አውቃለሁ። አምና ለዘመን መለወጫ መጥተህ በዚሁ መደብ ላይ ተቀምጠህ ያስረዳኸኝን አልረሳሁም። «እታለም፣ እነሱ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ከምድጃው በኩል፣ ከሙቁ ጫፍ ተኝተው፣ እኛ ከበር በኩል ስንንቀጠቀጥ ኖረን፤ አሁን እኛ ወደ እሳቱ ጠጋ ስንል ጭሱ በዛ ይሉናል» አልከኝ። እውነትህን ነው። ያኔም አምኜሃለሁ፣ ዛሬም አምንሃለሁ። ጣሪያውን ያጠቆሩት እነሱ፣ ጥላሸታም የሚሉት እኛን፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እነሱ የሚለብሱት ኮት እዚህ ይሰፋና ጭሱ በእኛ ስም ይጻፋል። በዚህ ስትሟገታቸው እኔም ካንተ ጋር ቆሜ እሟገታለሁ።

ግን አንድ ነገር ዘለልክ፣ ሄይዳን። በዚያ መደብ ላይ ስናድግ ከምድጃው በኩል ማን ነበር የሚተኛው? አንተ ነበርክ። ከበር በኩል ደግሞ እኔ ነበርኩ። አልተቀየምኩም፤ ትንሽ ነበርክ፣ ደረትህ ደካማ ነበር፣ ኋላም ተማሪ ሆንክ። ቤታችን ሙቅ ነው ስትል ግን የምትናገረው ስለ አንተ ጫፍ ብቻ ነው። እነዚያ ትልልቆቹ አገሮች ምን እያሉ ነው የሚያቃጥሉህ? «እሳታችሁን መጀመሪያ አጥፉ፣ ርዳታው ቆይቶ ይመጣላችኋል» እያሉ አይደለም? አንተስ እኛን ምን አልከን? እኛም ያንኑ ቃል ሰማን፤ ያውም ከራሳችን ልጅ አፍ። እነሱ አንተን የሚያታልሉበትን ነገር ተቀብለህ ለአባትህ አቀበልከው። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ነገሩ የማይገባት ሴት አድርገህ አትየኝ። እኔ በየቀኑ በዚያ የድሮው ጉድጓድ ከስሩ ቦርቡሮት በሰመጠው መሬት ላይ፣ የሶላር ሰሌዳዎቹን አቧራ ሳጥብ ነው የምውለው። የሚያመነጩት መብራት በራሳችን ጣሪያ ላይ በወፍራም ሽቦ እያፏጨ ያልፍና ትልቁ ከተማ ሄዶ ይበራል። በስድስተኛው ወር፣ ኋላ ያጨበጨቡልህ አገሮች ሰዎች ሊጎበኙት መጥተው ነበር። ንጹሕ ሰማያዊ ጃኬት አልብሰው አሰለፉን። አንዲት ጠና ያለች የህንድ ሴት እኔ ፊት ቆማ በአስተርጓሚ «ይህ መብራት እናንተ ቤት ይደርሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ የቆመው ኃላፊ «ይደርሳል እንጂ» ብሎ መለሰላት። ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን አየችና ሳቀች፣ አንድ ነገርም ተናገረች። ምን እንዳለች አስተርጓሚዋ ስትወጣ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ «በእኛም አገር እንዲህ ነው፤ ጥያቄው ለእኔ ይቀርባል፣ መልሱን ሌላ ሰው ይሰጣል» ነበር ያለችው። አንተና የእነሱ ሰዎች ባንድ ጠረጴዛ ለምን እንደምትቀመጡ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ወደ ካሜራዎቹ ልምጣ። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ አላሰብኩም ነበር።

በአሥራ አንደኛው ወር መጨረሻ ለሺንግ መልእክት ላክህለት። ለጸደዩ ድርድር የሚሆን አጭር ፊልም ትፈልጋለህ፤ አባቴ በአዲሱ ምድጃ ፊት ተቀምጦ ይነሳልኝ አልክ። ሦስት ወጣቶች በመኪና መጡ። ቤቱን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ጋዝ እንደሌለ ሲነገራቸው አልደነገጡም፤ አንዱ ከመኪናው ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር አውጥቶ ከጠረጴዛው ስር፣ ከጨርቁ ጀርባ ደበቀና ከምድጃው ጋር አገናኘው። ምድጃውም የእነሱ ነው። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተያያዘ። ምድጃችን ከፈረሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሏ ሞቀች። አባባ ኮቱን እንዲያወልቅ ጠየቁት፤ አወለቀ። እጁን ዘርግቶ እሳቱን እየሞቀ «ልጄ ያየዋል?» አላቸው። «ዓለም ሁሉ ያየዋል፣ አባት» አሉት። አንድ ሰዓት ያህል ቀረጹት። ሳሉ ሲመጣ ያቆማሉ፣ ሲያልፍለት ይቀጥላሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ፤ በሦስት ወር ውስጥ የአባቴ ጣቶች ሲፍታቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲጨርሱ ሲሊንደሩን ፈቱት። አባባ በትሕትና «እስከ ማታ ብቻ ብትተዉልኝ?» አላቸው። ወጣቱ አፈረ። «ፈርሜ ያወጣሁት ነው፣ አባት፤ ቁጥር አለው» አለ። ጭነውት ሄዱ። አባባ ኮቱን መልሶ ለበሰና «ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ጨዋ ናቸው» አለኝ። እኔ ወጥቼ ከእንጨት ማከማቻው ጀርባ ጮህኩ። አንተ እንዲህ አድርጉ ብለህ እንዳላዘዝክ አውቃለሁ። ለአባትህም ምድጃህን አፍርስ ብለህ አላዘዝከውም። አንተ ምንም አታዝም፤ የሚያስፈልግህን ብቻ ትናገራለህ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ከእግርህ ስር እውነት ሊያደርግልህ ይሯሯጣል።

ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። የዘመን መለወጫ ደርሷል። ትናንት ላባ፣ ዘመን መለወጫን የሚቀድመው የገንፎ በዓል ነበር፤ ገንፎውን አበሰልኩ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም በኮምጣጤ ዘፈዘፍኩ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በዋዜማው ሌሊት እንዲለኮሱ የመንደሩን ትልልቅ የከሰል ካቦች የሚክበው ማን እንደነበር ታውቃለህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየደጁ «ጋሽ ኮው፣ ይምጡና መሠረቱን ይጣሉልን» እያሉ አባባን ይጠሩት ነበር። እሱ የካበው ቁመቱ ከሰው በላይ ሆኖ፣ ውስጡ ክፍት፣ ከላይ እስከ ታች ሳይፈርስ ሲነድ ያድራል፤ ሰዉም ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። ዘንድሮ ሰዉ ከሰል የለው፣ ለወጉም ቢሆን አንድም ሰው አልጠራውም። ምርኩዙን ይዞ በር ላይ ሦስት ቀን ጠበቀ፤ እኔም አየሁት። በአራተኛው ቀን ከሰል ቤቱን ከፍቶ በራሳችን ግቢ ብቻውን መካብ ጀመረ።

ድሮ ግማሽ ቀን የማይፈጅበት ሥራ ነበር፤ አሁን በቀን ሦስት አራት ድንጋይ ነው የሚያስቀምጠው። አንዱን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ፊቱን ያያል፣ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ትንፋሹ እስኪመለስ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ካቡ አሁን ደረቱ ጋ ደርሷል። እኔ ደስ አለኝ። ተቆጥቶ ነው፣ ለኩሶ ይሞቀዋል ብዬ ክብሪቱን ይዤ ወጣሁ። ምን እንዳለኝ ስማ። «አይለኮስም። ልጄ በዓለም ፊት ከሰል አናነድም ብሏል። ካቡን የካብኩት እጄ እንዳይረሳ ነው» አለኝ። ቤታችንን አንድ ወር ሙሉ ሊያሞቅ የሚችል ከሰል ግቢው ውስጥ ተገትሮ፣ አባትህ አጠገቡ እየተንቀጠቀጠ ተቀምጧል። ያንተን ቃል እየጠበቀ ነው።

ሐኪሙ ሳንባውን በማሽን አይቶ፣ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ «ይህ ሳንባ በድንጋይ አቧራ የተሞላ ነው፤ በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ እስከ ጸደይ የሚቆይ አይመስለኝም» አለኝ። ለአባባ አልነገርኩትም። ላንተ ግን ነገርኩህ።

ሺንግንም ሄጄ አፋጥጬዋለሁ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ሻይ አቀረበልኝ። ጠረጴዛውን ስመታው እውነቱ ወጣ። «ጉይላን፣ ደንቡ እኮ ጋዝ ሳይገባ ምድጃ አይፍረስ ነው የሚለው። እኔም አጥፍቻለሁ። ግን ወንድምሽ በዓለም ፊት ከተናገረ በኋላ ማን ደፍሮ ሌላ ነገር ይላል? እሱ ራሱ አንድ ቃል ይበል፤ የሰዉን ከሰል ነገውኑ እመልሳለሁ» አለኝ። ስለዚህ ደንቡም አልከለከለንም፣ ሺንግም አልከለከለንም። ከአርባ ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ያንተ ንግግር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አንተ ግን ልትመልሰው ትችላለህ።

የምፈልገውን ልንገርህ። ዕቃ አትላክልኝ፤ ማሞቂያ ማሽንም አልፈልግም፣ መስመሩ አይችለውም። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ለአባባ ደውልና በገዛ አፍህ «አባባ፣ ያልኩት ልክ አልነበረም፤ ምድጃውን መልሰህ ሥራ» በለው። እኔ ብለው አይሰማኝም። ሐኪሙ ቢለው አይሰማውም። ጡቡ ደጅ እንደተደረደረ ነው፤ ሸክላ ጭቃውን ትናንት ውስጥ ቤት አቡክቼ ሸፍኜዋለሁ። ዳሹዋን በአንድ ቀን ያቆመዋል። ያንተ ቃል ብቻ ነው የቀረን። ከቻልክ ደግሞ ተነስተህ ና። ካቡን የሚለኩሰው የቤቱ ወንድ ልጅ ነው፤ ያንን እኔ ላድርገው ብል አባባ አይፈቅድልኝም።

በጸደዩ ድርድር ላይም ያንን ፊልም እንዳታሳይ። ስምህን የምትፈራ ከሆነ፣ እውነቱን ብትናገር የሚበረታው ያንተው ክርክር ነው። «አባቴ ጋዝ ይመጣል ብሎ ምድጃውን አፈረሰ፤ ጋዙ አልመጣለትም። ያፈረሰውም በእኔ ምክንያት ነው። ባዶ ተስፋ ሰጥቶ እሳት ማስጠፋት ምን እንደሚያደርግ ከቤቴ አይቼዋለሁና ለእኛም እንዲህ አታድርጉብን» በላቸው። የህንዱ ሰውዬ ላያጨበጭብልህ ይችላል። ያቺ ሴትዮ ግን ትሰማሃለች።

እጄ ደነዘዘ፤ ቀለሙም እየረጋ ነው፣ ብዕሩን በብብቴ እያሞቅሁ ነው የምጽፈው። ለሚንሩ ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ የሱፍ ካልሲ እግሬ ላይ ነው፣ አንዱን ጥንድ ለአባባ ሰጥቼዋለሁ። ትንሹን ልጃችሁን ጉንጩን ሳምልኝ። ዳሹዋን ሰላም ብሎሃል፤ «አውሮፕላን ጣቢያው ድረስ በከባድ መኪናዬ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ብቻ ይነሳ» ብሏል። ልጄ ሩዪ ፈተናዋን ጓንት አድርጋ እየጻፈች ነው፣ ሰላም ትልሃለች። እትዬ ቺያዎ ስምህን ስጠራላቸው ማን እንደሆንክ አላወቁም፤ ግን ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።

አባባ ሰላም አላለህም፤ እንደምጽፍልህ አያውቅምና። ቢያውቅ ኖሮ የሚልህን ግን አውቀዋለሁ። «ሞቆኛል በይው» ይለኝ ነበር።

እኔ አልልህም።

እህትህ
ኮው ጉይላን

ሊውጃያዎ መንደር፣ ሻንሺ
በአሥራ ሁለተኛው ወር በዘጠነኛው ቀን፣ በላባ ማግስት